በአደን ወቅት በእግር ስትጓዙ፦ ከመውጣት እስከ መመለስ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

የአደን ወቅት በብዙ አገሮች የሚገባው ለእግር ጉዞ ከዓመቱ ሁሉ በሚመቸው ጊዜ ነው። ሙቀቱ ይበርዳል፣ ተባዩ ይቀንሳል፣ ቅጠሉ መልኩን ይቀይራል። ተጓዡ ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ አዳኙም ጠመንጃውን አንግቶ እዚያው ጫካ ይገባል። ሁለቱም መብታቸው ነው። ችግር የሚመጣው አንዱ የሌላውን መኖር ሳያውቅ ሲቀር ነው።

አዳኝ ተጓዥን የሚመታው ባብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሰውን አውሬ መስሎት ሲተኩስ። ቁጥቋጦ ሲንኮሻኮሽ ሰምቶ፣ ቡናማ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቶ፣ ሲጠብቀው የዋለው አጋዘን የመጣለት ይመስለዋል። ሁለተኛው፣ አውሬውን በትክክል አይቶ ከአውሬው ኋላ ያለውን ሰው ሳያይ ሲቀር። ጥይቱ ይስታል፣ ወይም አውሬውን በስቶ ያልፋል፣ ወይም ድንጋይ ነክቶ ይፈናጠራል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው ከሁለቱ አንዱን ለመዝጋት የታሰበ ነው። ለመጀመሪያው መፍትሔው መታየትና መሰማት ነው። ለሁለተኛው ግን ልብስ ብቻውን አይበቃም፤ ቦታና ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል።

ይህን የምጽፈው ሰው ለማስፈራራት አይደለም። በአደን ላይ የሚደርሰው አደጋ በአብዛኛው የሚያገኘው አዳኞቹን ራሳቸውን ነው፤ ተጓዥ ሲመታ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው። ነገር ግን ሲደርስ የማይመለስ ጉዳት ስለሆነና ጥንቃቄውም ቀላል ስለሆነ፣ ቸል የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

1. መጀመሪያ ወቅቱን አጣሩ

"የአደን ወቅት" ሲባል አንድ ወቅት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለየእንስሳው፣ ለየመሣሪያውና ለየአካባቢው የተለያየ ጊዜ ይመደባል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዋናው ጊዜ ባጠቃላይ ከሴፕቴምበር እስከ ጃንዋሪ ነው። በብዙ ቦታ ቀስተኞች ቀድመው ይገባሉ፣ ጠመንጃ የያዙት ይከተላሉ። በአሜሪካ የዱር ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ የሚታደነው ደግሞ በጸደይ፣ በተለይም በኤፕሪልና በሜይ ነው። በኒውዚላንድ ቀይ አጋዘን የሚታደንበት ትልቁ ጊዜ ማርችና ኤፕሪል ላይ ይውላል። ከዚህም ሌላ ሰብል የሚያወድሙ እንስሳት፣ ለምሳሌ የዱር አሳማ፣ በአንዳንድ ቦታዎች ዓመቱን ሙሉ እንዲታደኑ ይፈቀዳል። ስለዚህ "ወቅቱ እኮ አልፏል" የሚለው ወሬ ብቻውን መተማመኛ አይሆንም።

የምትሄዱበትን አካባቢ የዱር እንስሳት አስተዳደር ድረ ገጽ ክፈቱና አራት ነገር ፈልጉ፦ በዚያ ቀን ምን እንደሚታደን፣ በምን መሣሪያ እንደሚታደን፣ የትኛው መሬት ለአደን ክፍት እንደሆነ፣ እና ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት መተኮስ እንደሚፈቀድ። መሣሪያውን ማወቅ የሚጠቅማችሁ ከስንት ርቀት ሊመጣባችሁ እንደሚችል ስለሚነግራችሁ ነው። ቀስተኛ የሚተኩሰው ከቅርብ ነው፤ ባለ ጠመንጃ ግን እናንተ ጨርሶ ከማታዩት ቦታ ሊተኩስ ይችላል።

በመሬቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአሜሪካ አብዛኞቹ ብሔራዊ ፓርኮች አደን አይፈቅዱም፤ ብሔራዊ ደኖች ግን ባብዛኛው ይፈቅዳሉ። አንድ የእግር መንገድ ጠዋት ፓርኩ ውስጥ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ደኑ ውስጥ ሊያወጣችሁ ይችላል፤ መሐል ላይ አጥር ላይኖር ይችላል። ካርታው ላይ ድንበሩን አይታችሁ ምልክት አድርጉበት። አደን የሌለበትን ቀን መምረጥ የሚቻልበት ቦታም አለ። በሜይን ግዛት ለምሳሌ እሁድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ካለ ጉዟችሁን ወደዚያ አዙሩት።

ወቅቱ የሚከፈትበት የመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ አዳኝ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቅ የቆየ ሁሉ በዚያ ቀን ይወጣል። እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ በዚያ ሳምንት መጨረሻ አደን ወደተከለከለበት ቦታ ሂዱ ነው የምለው። ሕፃናት ካሉ ደግሞ ወቅቱን በሙሉ እንዲህ ያለ ቦታ ብትመርጡ ይሻላል።

2. ሰዓቱንና መንገዱን ምረጡ

አጋዘንና መሰሎቹ በብዛት የሚንቀሳቀሱት ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። አዳኙም ይህን ስለሚያውቅ ቦታውን ይዞ የሚጠብቀው በዚያው ሰዓት ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከገባች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ነው። በዚያ ድንግዝግዝ ብርሃን ቀለም ይደበዝዛል፣ ሰውና ግንድ አይለዩም። አውሬውም፣ አዳኙም፣ ጨለማውም የሚገናኙበት ሰዓት ስለሆነ እናንተ አትገኙበት። ፀሐይ ከወጣች ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ጀምሩ፤ ከመግባቷ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት መኪናችሁ ጋ ድረሱ። ሂሳቡን ከመመለሻው ወደ መነሻው ሥሩ፦ መጀመሪያ የምትመለሱበትን ሰዓት ቁረጡ፣ ከዚያ መንገዱ የሚወስደውን ጊዜ ቀንሱ፣ ለማረፊያና ለመዘግየትም ተጨማሪ ጊዜ ቀንሱ። ጊዜው የማይበቃ ከሆነ አጭሩን መንገድ ያዙ። ጭጋግ ከወረደ ወይም ከባድ ዝናብ ከጣለ፣ ቀኑ እኩለ ቀን ቢሆንም እንደ ማለዳ ቁጠሩት።

መንገድ ስትመርጡ ሰው የሚበዛበትንና ምልክት ያለበትን ያዙ። አዳኞች ሰው እንደሚያልፍበት የሚያውቁትን መንገድ ባብዛኛው ይሸሹታል፤ አውሬውም ይሸሸዋልና። አቋራጭ ብላችሁ ቁጥቋጦ ውስጥ መግባት ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ እየተንኮሻኮሻችሁ ማንም ሰው በማይጠብቅበት ቦታ ብቅ ትላላችሁ። እርሻና ጫካ የሚገናኙበትን ዳር፣ የሐይቅና የረግረግ ዳርቻን፣ የእንስሳት ዱካ የሰመረበትን ጠባብ ሸለቆ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ዛፍ ላይ የተሰቀለ መቀመጫ ወይም ውኃ ዳር በሸምበቆ የተሸፈነ መደበቂያ ካያችሁ ሰው ውስጡ እንዳለ ቁጠሩና ፊት ለፊቱ አትለፉ።

አሁን ስለ ሁለተኛው አደጋ፣ ስለ ባከነው ጥይት ላንሳ። ለትልልቅ አውሬ የሚውሉ የተለመዱ ጠመንጃዎች ጥይት በሰከንድ 800 ሜትርና ከዚያ በላይ ይምዘገዘጋል፤ ምንም ካላስቆመው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ለትንንሽ እንስሳት የምትውለው የ.22 ጥይት እንኳ ከ1.5 ኪሎ ሜትር ታልፋለች። ለወፍ የሚተኮሰው ድቅቅ እርሳስ ግን በጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ጉልበቱን ይጨርሳል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ፣ የትልቁ ጠመንጃ ጥይት ተኩሱ ጆሯችሁ ከመድረሱ በፊት ያልፋችኋል። "ተኩስ ስሰማ እጠነቀቃለሁ" ማለት እዚህ ላይ አያዋጣም።

የሠለጠነ አዳኝ ከአውሬው ጀርባ ጥይቱን የሚውጥ አፈር፣ ለምሳሌ የኮረብታ ጎን፣ ከሌለ አይተኩስም። አውሬው በተራራው ጫፍ ላይ ሰማይን ደገፍ አድርጎ ሲቆም አይተኩስበትም፤ ጥይቱ ከጫፉ አልፎ የት እንደሚወድቅ አያውቅምና። ይህን ሁሉም ቢያከብረው ኖሮ ጥሩ ነበር። እናንተ ግን አያከብርም ብላችሁ አስቡና በተራራ ጫፍ ላይ ረጅም ሰዓት አትቆዩ፤ መሻገር ካለባችሁ ተሻግራችሁ ውረዱ። ለማረፍ ስትፈልጉ ትልቅ ቋጥኝ ወይም ወፍራም ዛፍ አጠገብ፣ ከመንገዱ የሚታይ ቦታ ላይ ተቀመጡ።

ከመውጣታችሁ በፊት የት እንደምትሄዱ፣ በየትኛው መንገድ እንደምትመለሱ፣ በስንት ሰዓት ካልደወላችሁ እርዳታ መጥራት እንዳለበት ለአንድ ሰው በጽሑፍ ተዉለት።

3. ከሩቅ የሚታይ ልብስ ልበሱ

የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን ዓይን የሚወጋ ብርቱካናማ ታውቁታላችሁ። ፍሎረሰንት ይባላል። ይህ ቀለም የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ በሚታይ ብርሃን መልክ ስለሚመልሰው፣ ተራ ብርቱካናማ ጨርቅ ከሚያንጸባርቀው በላይ ያበራል። በደመናማ ቀንም ይሠራል። ጫካ ውስጥ በተፈጥሮ እንዲህ የሚያበራ ነገር ስለሌለ፣ ያየው ዓይን ወዲያው "ሰው ነው" ይላል።

"አውሬውን አያስደነግጥም ወይ?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። አጋዘን ቀለም የሚለይበት የዓይን ሕዋስ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ የሰው ሦስት ነው። ብርቱካናማና ቀይ ለእሱ ከአረንጓዴና ከቡናማ ብዙም አይለይም። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አዳኞችን ራሳቸውን ብርቱካናማ እንዲለብሱ ማስገደድ የቻሉትም አደናቸውን ስለማያበላሽ ነው። ስለዚህ እናንተ በለበሳችሁት ቀለም የማንም አደን አይበላሽም።

ምን ያህል ይበቃል? የኮሎራዶ ግዛት ለትልልቅ አውሬ አዳኞች ያወጣው ሕግ ጥሩ መለኪያ ነው፦ ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች፣ ማለትም ወደ 3,200 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ሙሉ ፍሎረሰንት ብርቱካናማ ወይም ሮዝ፣ ከሁሉም አቅጣጫ ከሚታይ ኮፍያ ጋር። ሰደርያና ኮፍያ ማለት ነው። ብርቱካናማ ላይ የቅጠል ሥዕል የታተመበት ልብስ በዚያ ሕግ አይቆጠርም፤ የሰውን ቅርጽ ስለሚሰባብረው እናንተም አትቁጠሩት። ከሰደርያውና ከኮፍያው አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል ኮፍያውን እመርጣለሁ። ቁጥቋጦ ደረትን ይጋርዳል፣ ቁልቁለት ወገብን ይደብቃል፤ ቀድሞ ብቅ የሚለው ራስ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ቦርሳው። ሰደርያውን ለብሳችሁ የጀርባ ቦርሳ ስታነግቱበት ከኋላ የሚታየው ቦርሳው ብቻ ነው። ቦርሳው ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ሲራመድ ከፍና ዝቅ የሚል ቡናማ ነገር ሆናችሁ ማለት ነው። ብርቱካናማ የዝናብ መሸፈኛ አልብሱት፤ ከሌለ ሁለተኛ ሰደርያ በቦርሳው ላይ አስራችሁ ዘርጉት። ዝናብ ሲመጣም እንዲሁ፣ ጥቁር የዝናብ ካፖርት ከላይ ስትደርቡ ሰደርያው ከሥር ይቀራል፤ ስለዚህ ሰደርያውን ሁልጊዜ ከሁሉ በላይ እንዲውል ሰፊውን ግዙ።

ከመውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። አንዳችሁ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አዝሎ፣ ዛፍ ባለበት ቦታ 100 ሜትር ይራቅ። ሌላው ቆሞ ይመልከተው። ፊቱን ያዙር፣ ጀርባውን ይስጥ፣ ጎኑን ያሳይ፣ ጫማውን እንደሚያስር ሰው ያጎንብስ። ከእነዚህ በአንዱ ብርቱካናማው ከጠፋ እዚያው ላይ ጨምሩ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ሲያጎነብሱ ነው፤ ኮፍያው ወደ መሬት ይዞራል፣ ቦርሳው ወደ ላይ ይወጣል።

ፍሎረሰንት ቀለም በፀሐይና በመታጠብ ብዛት ይሞታል። አሮጌውን ሰደርያ ከአዲሱ ጎን ዘርጉት፤ የደበዘዘ ብርቱካናማ የደረቀ ቅጠል ይመስላል፣ ይለወጥ። ጨለማ ውስጥ ደግሞ ምንም ቢያበራ የሚቀበለው ጨረር ስለሌለ ዋጋ የለውም፤ በዚያን ጊዜ የሚያድነው አንጸባራቂ ጥብጣብና የበራ የራስ ባትሪ ነው።

መልበስ የማይገባውን በአጭሩ ልናገር። ቡናማ፣ ግራጫ፣ ጥቁርና ካሞፍላጅ (ከጫካው ጋር የሚያመሳስል ዥጉርጉር ልብስ) ይቅር። ነጭም ይቅር፤ በሰሜን አሜሪካ በብዛት የሚታደነው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ሲሸሽ የሚያሳየው ያንን ነጭ ጭራ ነው። ስለዚህ ነጭ መሐረብ አውጥቶ መናፈጥ፣ ነጭ ጓንት፣ ነጭ ካልሲ ከጉልበት በታች ብልጭ ማለቱ ሁሉ አይመከርም። በተርኪ ወቅት ደግሞ ቀይና ሰማያዊም ይጨመራሉ፤ የወንዱ ወፍ ራስና አንገት በቀይ፣ በነጭና በሰማያዊ የተዥጎረጎረ ነው። ተርኪ ቀለም አጥርቶ ስለሚያይ አዳኞቹ ራሳቸው ብርቱካናማ ጥለው ከእግር እስከ ራስ ካሞፍላጅ ይለብሳሉ፣ ዛፍ ተደግፈው አይንቀሳቀሱም። በአጠገባቸው ብታልፉ አታዩአቸውም። አዳኝ ሁሉ ብርቱካናማ ይለብሳል ብላችሁ አትመኑ።

አንድ የሚያሳፍር ግን ሊነገር የሚገባው ነገር፦ ለመጸዳዳት ከመንገድ ስትወጡ። ሰው ቁጭ ብሎ፣ ቁጥቋጦ ተከልሎ፣ ነጭ ወረቀት ይዞ ሲንቀሳቀስ አስቡት። ኮፍያችሁን አታውልቁ፣ ሰደርያችሁን ከራሳችሁ በላይ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ስቀሉ፣ ጓደኛችሁ መንገዱ ላይ ቆሞ ድምፁን ያሰማ።

4. ድምፃችሁን አሰሙ

የቀለም ጉድለት ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ጥቂት አይደለም። ከሰሜን አውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ወንዶች ከ100ው 8 ያህሉ ቀይና አረንጓዴን በሚገባ አይለዩም። ብርቱካናማ ልብስ በድምቀቱ ይረዳቸዋል እንጂ እንደ ሌላው ሰው ዓይናቸውን አይወጋውም። የሰው ድምፅ ግን ለሁሉም ያው ነው። እየተጨዋወታችሁ ሂዱ፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ አልፎ አልፎ አንጎራጉሩ፣ በተለይ መታጠፊያ ላይና ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ስትደርሱ። ሁለቱንም ጆሮ በኢርፎን አትድፈኑ፤ የሚጠራችሁን ሰው መስማት አለባችሁ። መጮህ አያስፈልግም። ሆን ብሎ አውሬ ለማባረር መጮህ ደግሞ ጠብ ከማምጣቱ በላይ በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች ሕግ የተደነገገበት ጥፋት ነው። የእንስሳ ድምፅ ማስመሰልን ለቀልድም አታስቡት።

5. ልጆችና ውሻ

ልጆችን በመሐል አድርጓቸው፤ ከፊትና ከኋላ ትልቅ ሰው ይሁን። የልጆች ኮፍያ ላይ ጆሮ ወይም ቀንድ መሰል ጌጥ ያለበት፣ ጠጉራም ቡናማ ጃኬት፣ ይህ ሁሉ ቤት ይቅር። በጀርባ የሚታዘል ሕፃን ካለ የእሱም ኮፍያ ብርቱካናማ ይሁን፤ የተሸከመውን ሰው ጀርባ የሸፈነው እሱ ነውና።

ውሻ ከሩቅ ሲታይ አጋዘን፣ ተኩላ ወይም ቀበሮ ሊመስል ይችላል። ብርቱካናማ ሰደርያ አልብሱት፣ ቃጭል እሰሩለት፣ ከማሰሪያው አትፍቱት። አጋዘን አሳድዶ የሄደ ውሻ በብዙ ቦታ በሕግ እንዲተኮስበት እንደሚፈቀድም እወቁ።

ለውሻ ከጥይት ይልቅ የሚያሰጋው ወጥመድ ነው። የወጥመድ ወቅት ብዙ ጊዜ ከአደን ወቅት ጋር ይደራረባል፤ የሥጋ ሽታ ተቀብቶ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ከመንገድ ጥቂት ሜትር ርቆ ሊቀመጥ ይችላል። ሦስቱን ዓይነት መለየትና ማስለቀቅ ቤት ሆናችሁ ተለማመዱ፣ ምክንያቱም ውሻው ሲጮህ እጅ ይንቀጠቀጣል።

እግር የሚይዘው ሁለት መንጋጋ አለው፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ሞላውን የሚጫን እጀታ። የተያዘ ውሻ ጌታውንም ይነክሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጃኬታችሁን ራሱ ላይ ጣሉበት። ወጥመዱን ጠጣር መሬት ላይ አስተካክላችሁ ሁለቱን እጀታዎች በሁለት እግራችሁ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ተጫኑ። መንጋጋው ይላላል፣ እግሩ ይወጣል። መንጋጋውን በእጅ ለመፈልቀቅ መታገል ጊዜ ያባክናል። ሁለተኛው አሽክላ ነው፣ አንገት ላይ የሚጠብቅ የሽቦ ገመድ። ውሻው በጎተተ ቁጥር ስለሚጠብቅ ወደ ወጥመዱ ቀርባችሁ ገመዱን አላሉት፣ ከዚያ መቆለፊያውን ወደ ኋላ ግፉት፤ ካልሆነ የሽቦ ገመድ በሚቆርጥ ፒንሳ ቁረጡት። ተራ ቢላ አይቆርጠውም፣ ፒንሳውን ያዙ።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። ሁለት አራት ማዕዘን የብረት ፍሬሞች በሞላ ኃይል እንደ መቀስ ተጋጥመው አንገት ወይም ደረት ይጨምቃሉ፤ ያላችሁ ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው። የውሻውን ማሰሪያ በአንደኛው ሞላ ጫፍ ባሉት ሁለት ቀለበቶች ውስጥ አሳልፉ፣ መልሳችሁ በመጀመሪያው ቀለበት አሹልኩት፣ አንደኛውን ጫፍ በእግራችሁ ረግጣችሁ ሌላውን በሙሉ ጉልበት ወደ ላይ ሳቡ። ሞላው ሲጨመቅ ሞላው ላይ ያለውን መንጠቆ አያይዙት፤ ከዚያ ሌላውን ሞላ እንዲሁ አድርጉ። ከተለቀቀ በኋላ ደህና ቢመስልም ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

6. መንገድ ጫፍ ላይና አዳኝ ስታገኙ

መኪና ማቆሚያው ብዙ ይናገራል። የውሻ ሳጥን የጫኑ መኪኖች ተደርድረው ከሆነ፣ ሰዎች ብርቱካናማ ለብሰው ከተሰበሰቡ፣ ወደ እነሱ ሄዳችሁ ሰላምታ ስጡ። ስንት እንደሆኑ፣ በየት በኩል እንዳሉ፣ ወዴት አቅጣጫ እንደሚተኩሱ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጨርሱ ጠይቁ። የራሳችሁንም መንገድ ንገሯቸው። አብዛኞቹ በደስታ ያስረዳሉ፤ እነሱም ሰው መምታት እንደ ቅዠት ነው የሚያዩት።

በአውሮፓ በብዛት የሚደረገው የጋራ አደን ለብቻው መታወቅ አለበት። አንዱ ወገን ከውሾች ጋር አውሬውን ያባርራል፣ ሌላው በመስመር ቆሞ ይጠብቃል። የዱር አሳማው ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም፣ ተኩሱም በሩጫ ላይ ያለ እንስሳ ላይ ነው። በፈረንሳይ እንዲህ ያለ አደን ሲኖር መንገድ ዳር የማስጠንቀቂያ ምልክት ማቆም ግዴታ ነው። ምልክቱን ካያችሁ ወይም ጥሩንባና የውሾች ጩኸት ከሰማችሁ ወደ ውስጥ አትግቡ፤ ሌላ መንገድ ፈልጉ ወይም እስኪያበቃ ጠብቁ።

መንገድ ላይ አዳኝ ከሩቅ ስታዩ፣ ያላያችሁ ከመሰላችሁ ቁሙና በተረጋጋ ድምፅ "ሰላም! መንገዱ ላይ ነን!" በሉ፤ በምትጓዙበት አገር ቋንቋ። እጃችሁን አታወዛውዙ፤ በቅጠል መሐል የሚወዛወዝ ነገር ዓይን የሚስበው በተሳሳተ መንገድ ነው። እንዳያችሁ እስኪያረጋግጥላችሁ አትንቀሳቀሱ። ስትተላለፉ ከአፈሙዙ ፊት አትሁኑ። ሲጎተት የሚታይ አውሬ ወይም ያረፈ ጠመንጃ ለማየት ተጠግቶ መክበብም ጥሩ አይደለም፤ መልካም ቀን ተባብሎ መለያየት ይበቃል።

የቆሰለ ወይም የሞተ እንስሳ ብታገኙ አትጠጉ። የቆሰለ አሳማ ሰው ላይ ይመጣል፤ አዳኙም ደሙን ተከትሎ እየመጣ ነው። ድብ ባለበት አገር ደግሞ አዳኝ የተወው ሆድ ዕቃ ድብ ይጠራል። ቁራዎች አንድ ቦታ ላይ ሲራወጡ ካያችሁ ዞራችሁ እለፉ።

7. ተኩስ ስትሰሙ

ከሩቅ የሚሰማ ተኩስ በዚህ ወቅት የሚጠበቅ ነው። አቅጣጫውን ልብ በሉ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተነጋገሩ፣ ከመንገዱ ሳትወጡ ከድምፁ በሚያርቃችሁ አቅጣጫ ሂዱ። ፊሽካም ንፉ፤ ፊሽካ የሚነፋ አውሬ የለም።

ተኩሱ ቅርብ ከሆነ፣ ወይም ቅጠል ሲበጠስ ወይም በአናታችሁ ላይ እንደ ጅራፍ የሚጮህ ስንጥቅ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ከወፍራም ዛፍ ወይም ከድንጋይ ኋላ ወይም ከመሬት ጉድጓዳ ቦታ ግቡና "ተኩስ አቁሙ! ሰው አለ!" እያላችሁ ደጋግማችሁ ጩኹ። ብዙዎች እዚህ ላይ ዝም ብለው በቁጥቋጦ ውስጥ እየዳሁ ለመሸሽ ይሞክራሉ። ያ ግን ሰውየውን ወደ መጀመሪያው ስህተት የሚገፋው ነው፦ ዝቅ ያለ፣ ድምፅ የሌለው፣ ቁጥቋጦ የሚያንኮሻኩሽ ነገር። አካላችሁን ከልሉ፤ ድምፃችሁን ግን አትከልሉ። ብርቱካናማ ነገር በዱላ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉ። መልስ እስክታገኙ አትውጡ።

ሌላም ማወቅ የሚገባ አለ። በሰሜን አሜሪካ በእኩል ጊዜ ልዩነት የተተኮሱ ሦስት ጥይቶች የእርዳታ ጥሪ ናቸው፤ ሦስት የፊሽካ ድምፅም እንዲሁ። በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ደግሞ ጥሪው በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ማሰማት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ መድገም ነው። ሰምታችሁ ዝም አትበሉ፤ ለእርዳታ ስልክ ደውሉና ቦታውን ንገሩ።

8. ሰው ቢመታ

ሌላ ተኩስ እንደማይመጣ አረጋግጡ፤ ጮኻችሁ አስቁሙ። ከዚያ አንዱ ይደውል፣ አንዱ ደሙን ይያዝ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በአሜሪካና በካናዳ 911። ያላችሁበትን ቦታ የሚያሳየውን የጂፒኤስ ቁጥር አስቀድማችሁ ማውጣት ተለማመዱ፤ "ጫካ ውስጥ ነን" ብሎ መናገር አያስገኝም። ስልክ የማይሠራበት ቦታ የምትሄዱ ከሆነ የሳተላይት መልእክት መላኪያ ያስፈልጋችኋል።

ከትልቅ የደም ሥር የሚወጣ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። እጅ ወይም እግር ከሆነና ደሙ ከፈነጠቀ ወይም ከጎረፈ፣ ቱርኒኬት (በትንሽ ዱላ እየተጠመዘዘ ደም የሚያቆም ሰፊ ማሰሪያ) ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ እሰሩ፤ መገጣጠሚያ ላይ አይሁን። ደሙ እስኪቆም ዱላውን አዙሩ። ያማል፣ ይጮኻል፤ አታላሉለት። የታሰረበትን ሰዓት ቆዳው ላይ ወይም ማሰሪያው ላይ ጻፉ፤ ሐኪም እስኪደርስ አትፍቱት። ቱርኒኬት በማይታሰርበት ቦታ፣ ለምሳሌ ብብት ወይም ጭን ሥር ከሆነ፣ ጎዝ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ በሁለት እጅ በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑ፣ እያነሳችሁ አትዩ። ቀጭን ገመድ ወይም የጫማ ክር ሥጋ ይቆርጣል እንጂ ደም አያቆምም። የቆሰለውን ሰው ከቀዝቃዛው መሬት ለዩት፣ አልብሱት፣ የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት።

ቱርኒኬቱ ቦርሳው ታች ከተቀበረ ጥቅም የለውም። በውጭ ኪስ፣ በአንድ እጅ ሊወጣ በሚችልበት ቦታ ይሁን፤ አብረዋችሁ ያሉትም የት እንዳለ ይወቁ።

9. ከተመለሳችሁ በኋላ

ለሚጠብቃችሁ ሰው ወዲያው ደውሉ። መንገድ ላይ ወደ ሰው የዞረ አፈሙዝ፣ በተከለከለ ቦታ የተተኮሰ ተኩስ፣ ጥይት የበሳው የመንገድ ምልክት፣ ወይም ከመንገዱ አጠገብ የተጠመደ ወጥመድ ካያችሁ፣ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ከተቻለ የመኪናውን ታርጋ ይዛችሁ ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች አሳውቁ። ከሰውየው ጋር እዚያው መጨቃጨቅ አይገባም፤ መሣሪያ ይዟል። የነካካችሁትን ወጥመድ ደግሞ ለምን እንደነካችሁት ለሠራተኞቹ ንገሯቸው፤ ሕጋዊ ወጥመድ ማበላሸት በብዙ ቦታ ያስቀጣል።